የሚዘለል ቤት

አብዱረዛቅ በሱቄ ፊት ለፊት ሲያልፍ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነበር። ፈጠን ፈጠን ካለ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ወይ ዳቦ ሊገዛ ነው ወይ ሶላት ሊደርስበት ነው። ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን በር እያየ ከመጣ ግን ሰው ሞቷል ማለት ነው። እኔም መቀሴን አስቀምጬ ነጠላዬን እፈልጋለሁ።

ጭሮ ውስጥ ሌላው ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩምባ ያስነፋል። የእኛ ሰፈር ግን አብዱረዛቅ ነበረው። እኛ እድር እንላለን፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን አፎሻ ይሉታል፤ ድንኳኑም ድስቱም አንድ ስለሆነ በስሙ ተጣልተን አናውቅም። የእሱ ሥራ ቤት ለቤት እየዞረ መጥራት ነው። በር ያንኳኳል፣ ሰላምታውን ያደርሳል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ይሄን ማንም እግር ያለው ሰው ይሠራዋል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ነገሩ ግን አጠራሩ ላይ አይደለም፣ የማይጠራው ቤት ላይ ነው። ሟቹ እዚሁ ሰፈር ውስጥ መርዶ ያልደረሰው እህት ወይም ልጅ ካለው፣ አብዱረዛቅ ያንን ቤት ይዘለዋል። በሩ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የቤቱ ሰው ደጅ ቆሞ ካገኘውም «አካም ቡልቴ፣ ደህና አደራችሁ» ብሎ እየሳቀ ያልፋል። የተጠራው ጎረቤት ሁሉ ደግሞ ያ ቤት እንደተዘለለ ያውቃል። አፉን ይይዛል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ተዘጋጅቶ፣ ያ ቤት በመጨረሻ ይነገረዋል። አብዱረዛቅ ጥሪውን በያዘባቸው ዓመታት ከእኛ ሰፈር አንድም ሰው ብቻውን ቆሞ መርዶ አልሰማም።

ይህን ለምን እንደሚጠነቀቅለት አውቃለሁ። ድሮ መናኸሪያ ተሸካሚ ነበር፤ የጫት ጭነት ያወርዳል፣ ይጭናል። ሚስቱ ሀሊማ ዘመድ ልትጠይቅ ገለምሶ እንደሄደች እዚያው አረፈች። ያን ጊዜ ስልክ የያዘ ሰው ጥቂት ነበርና መልእክቱን ለሚኒባስ ረዳት ሰጡት። ረዳቱ ገና መኪናው ሳይቆም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አብዱረዛቅ የሚባል ተሸካሚ አለ? ሚስትህ ሞታለች፣ ዛሬ ትቀበራለች ብለዋል!» ብሎ ጮኸ። በዚያው ትንፋሽ ደግሞ «ገለምሶ! ገለምሶ የሚሄድ!» እያለ ተሳፋሪ መጥራቱን ቀጠለ። አብዱረዛቅ እሽጉን በትከሻው ተሸክሞ የት እንደሚያወርደው ጠፍቶት ቆሞ ቀረ ይላሉ ያዩት።

ሁለት ልጆች ትታለት ነበር። ሹክሪያንና ኢርሻድን እንደ እናትም እንደ አባትም ሆኖ አሳደጋቸው። የሹክሪያን ጸጉር ራሱ ይጎነጉን ነበር፣ ያውም ጠማማ አድርጎ፤ እኔ ሱቄ ደጅ አስቀምጬ ፈትቼ እንደገና እሠራላት ነበር። አድጋ ገለምሶ ተዳረች። ኢርሻድ ደግሞ ቦርደዴ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። አባትየው ጭሮ ላይ ብቻውን ቀረና ሰፈሩን ሲጠራ ኖረ።

ከዚያ ነቢዩ የእድሩ ሰብሳቢ ሆነ። ነቢዩ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ቀልጠፍ ያለ፣ ክፋት የማያውቅ ልጅ ነው። ልጅ የምለው እኔ ስላረጀሁ ነው እንጂ የሁለት ልጆች አባት ነው። አንድ እሑድ በእድሩ ዕቃ ቤት ሰበሰበንና አዲስ የመጣ የስልክ መተግበሪያ አሳየን። ስሙን እስከዛሬ በቅጡ አልጠራውም፣ ሁላችንም «ግሩፑ» ነው የምንለው። የሞት ዜና ይለጠፍበታል። ድንኳን ማን ይተክላል፣ ውሃ ማን ይቀዳል፣ መቃብር ማን ይቆፍራል የሚለውን እዚያው ተከፋፍለን ስማችንን እንነካለን። ማን መልእክቱን እንዳየ፣ ማን እንዳላየም ያሳያል።

«ሥራ ከመጀመራችን በፊት ግን» አለ ነቢዩ፣ «ይህ ነገር ሰፈራችን ላይ ምን ያመጣል? እያንዳንዳችሁ የሚመስላችሁን ገምቱ። ከዓመት በኋላ ተሰብስበን ግምታችንን እናየዋለን።»

ጨዋታ መሰለንና ገመትን። ነቢዩ ራሱ ከቀብር የሚቀር ሰው አይኖርም አለ። ሀኒፋ፣ የመናኸሪያዋ ሳንቡሳ ሻጭ፣ ሳቅ እያፈናት «አቦ፣ ማን እንደቀረ ስለሚያሳይ ሴቶቹ እንፋጃለን ወላሂ!» አለች። ጋሽ መኮንን የሚባሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን «ወር አይቆይም፣ እንደ እድሩ ጄነሬተር ተበላሽቶ ጥግ ይቆማል» አሉ። እኔም ተራዬ ሲደርስ የመሰለኝን ተናገርኩ። አብዱረዛቅ ከእንግዲህ ቁጭ ብሎ ሊያረጅ ነው አልኩ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

እሱ ግን ተራው ሲደርስ በጥያቄ መለሰ። «ይሄ ነገር» አለ ስልኩን በጣቱ እየጠቆመ፣ «ቤት መዝለል ይችላል?»

ነቢዩ አልገባውም።

«የሀኒፋ ወንድም ቢሞት፣ አላህ አያድርገውና፣ አንተ ስትለጥፍ ሀኒፋም ታየዋለች አይደል? ሳንቡሳ እየጠበሰች፣ ዘይቱ ፊት ቆማ። ማን ይይዛታል? እኔ የምገምተው ይሄንን ነው። አንድ ቀን አንዱ ሰው ብቻውን ሆኖ ይሰማል።»

ነቢዩ አቀርቅሮ ስልኩን ሲነካካ ቆየና ፊቱ በራ። «መፍትሔ አለው ጋሽ አብዱረዛቅ! ከመለጠፌ በፊት መርዶ ያልደረሰውን ሰው ከግሩፑ አስወጣዋለሁ። ለእሱ አይታየውም። ሽማግሌ ነግሮት ከቀብር ሲመለስ እንደገና አስገባዋለሁ። እርስዎ ቤቱን እንደሚዘሉት ማለት ነው።»

አብዱረዛቅ ይህን እንዴት እንደወደደው! ተነስቶ የነቢዩን እጅ ጨበጠው። «እንዲህ ከሆነማ እግሬም ይረፍ» አለ። ኢርሻድ ከቦርደዴ ያገለገለ ስማርት ስልክ ላከለት፤ እኔ ሱቅ ተቀምጠን አጠቃቀሙን እኔው አስተማርኩት። እኔስ ማን አስተምሮኝ ነው! ሁለታችንም እየተሳሳትን ለጋሽ መኮንን የአበባ ሥዕል ላክንላቸው፣ እሳቸውም ተናደው ደወሉልን።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያማረ ነበር። እንደ ክፉ አፍ ሆነና የመጀመሪያው መርዶ የሀኒፋ ሆነ፤ ወንድሟ ቦኬ ላይ አረፈ። ነቢዩ አስወጣት፣ ከዚያ ለጠፈ፣ ሽማግሌዎቹ ሄደው በወጉ ነገሯት። እሷ ካርዷ ያለቀ መስሏት ነበር። አብዱረዛቅ በዚያ ቀን ደስታው ከሐዘኑ ጋር ተቀላቅሎበት «አየሽ ሳህሊቱ፣ ዘለላት እኮ!» ይለኝ ነበር።

ግን ሀኒፋ አፍ አላት፣ ለሰው ሁሉ ነገረች። ግሩፑ ከስልክሽ ከጠፋ ሰው ሞቶብሻል ማለት ነው የሚለው ነገር ሰፈሩን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ መኮንን ሲም ካርድ ቀየሩና ግሩፑ ጠፋባቸው። ባለቤታቸው ስልኩን አይታ፣ አዲስ አበባ ያሉ ልጆቿን በስም እየጠራች ደረቷን እየመታች ደጅ ወጣች። እኛም ሮጠን ደረስን፣ አለቀስን፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳንጠይቅ አለቀስን። ነቢዩ መጥቶ ማንም እንዳልሞተ ሲነግረን ከዕንባው ወደ ሳቅ ዞርን። ጋሽ መኮንንም «በሕይወት ያሉ ልጆቼን ቀበራችሁብኝ» እያሉ ለብዙ ቀን ተሳለቁብን።

አብዱረዛቅ ብቻ አልሳቀም። ሱቄ መጥቶ ተቀመጠ፣ ብዙ ሰዓት ክር ሲያጠነጥንልኝ ቆየ። «ሰው ማንኳኳት ነው የሚፈራው እል ነበር» አለ። «አለማንኳኳቱም እኩል ያስፈራል ለካ።»

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው አንድ ልማድ አወጣ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ግሩፑ ላይ «ሰላም አደራችሁ» ብሎ ይጽፋል። ጨዋነት አይምሰላችሁ። መኖሩን ሊያረጋግጥ ነው። ከጻፈና ከሄደለት፣ ዛሬ የእሱ ሰው አልሞተም ማለት ነው፤ ተንፍሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ፊቱ አመድ ይመስላል። ይህን አንዳችንም አልገመትንም ነበር። ግሩፑ ይቅር ያለ ሰውም አልነበረም፣ ምክንያቱም ቀብሩ እውነትም ደምቋል፣ ድንኳኑም ቶሎ ይተከላል። ነቢዩ ልክ ነበር፣ ሐቁን መናገር አለብኝ። ጠዋት የጻፈ ሰው ቀኑን ሙሉ አይከፍተውም ብሎም ማስወጣቱን ቀጠለ።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሙሽራ የቀሚስ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ስልኬ ጮኸ። አነበብኩ። «ሹክሪያ አብዱረዛቅ ታማ ቆይታ ዛሬ ጠዋት ገለምሶ ላይ አርፋለች። አባቷ አልሰማም፤ ሽማግሌዎች እየተሰበሰቡ ነው። ማንም እንዳይነግረው አደራ።» ያ ጠማማ ጉንጉኗ ነው መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው። ለሙሽራዪቱ ምን ብዬ እንደሸኘኋት አላስታውስም።

ዞር ስል አብዱረዛቅ በሩ ላይ ቆሟል። እንደ ልማዱ ፈጠን ብሎ ነው የመጣው።

«እስቲ እይልኝ ሳህሊቱ» አለና ስልኩን ዘረጋልኝ። «ዓይኔ ነው መሰለኝ። ጠዋት ሰላም አደራችሁ ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ማን እንደመለሰልኝ ለማየት ስከፍተው ግሩፑን አጣሁት።»

ስልኩን ተቀበልኩት። ማየቱ አላስፈለገኝም ግን አየሁት። ከእድሩ ቡድን ወጥተዋል ይላል። ውሸት ሞልቶኛል፣ ነጋዴ ነኝ። ካርድ አልቆብህ ነው ማለት እችል ነበር፣ ኔትወርክ ነው ማለት እችል ነበር። ስልኩን መልሼ ዘረጋሁለት።

እሱ ፊቴን አየ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊት ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠውን የእኔን ስልክ አየ። መልእክት ሲመጣበት እየበራ ይጠፋል፣ እየበራ ይጠፋል።

አልጮኸም። በርጩማውን ስቦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አፌን ልከፍት ስል እጁን አነሳ።

«እንዳትነግሪኝ» አለኝ። «አንቺ ብቻሽን አትንገሪኝ። ኋላ ይከብድሻል። ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»

«አብዱረዛቅ...»

«ስንት ቤት ዘልያለሁ» አለ። «ከውስጥ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።»

ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እሱ ጣቶቹን አቆላልፎ መሬት መሬቱን ያያል። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሁለት ልጆች ናቸው ያሉኝ» አለ። «ኢርሻድ መንገድ ዳር ነው የሚውለው፣ መኪና አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ሹክሪያ ሰሞኑን አመመኝ ብላኝ ነበር። አሁን ምን ብዬ ዱዓ ላድርግ ሳህሊቱ? ለአንዷ ብለምን በሌላው መፍረዴ አይደለም?»

እኔ እኮ የማንን ስም ማንሳት እንዳለበት አውቃለሁ፣ አውቄም ዝም ማለት አለብኝ፤ ሕጉን ያስተማረን ደግሞ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ለጠላቴም አልመኝም። ውስጤ በነቢዩ ተናደደ፣ በግሩፑ ተናደደ፣ ያን እሑድ ስንገምት በሳቅነው ሁሉ ተናደደ።

«ቤቴ አልተጠረገም» ብሎ ድንገት ተነሳ። «ሰው ሊመጣ ነው፣ ቤቴ አልተጠረገም።»

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት። መጥረጊያውን ልቀበለው ስል አልሰጥም አለኝ። ራሱ ጠረገ፣ ምንጣፉን ደጅ አውጥቶ አራገፈ፣ መልሶ አነጠፈ። ለሽማግሌዎቹ ትራሶቹን በግድግዳው ዙሪያ ደረደረ። ኮፍያውን አጥልቆ፣ የራሱን መርዶ ሊነግሩት የሚመጡትን እንግዶች በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ነቢዩ፣ ጋሽ መኮንንና ሀኒፋ መጡ፤ ከኋላቸው ሚኒባስ ቆሟል። እንዳወቀ አያውቁም። እኔም በዓይኔ ልነግራቸው ሞከርኩ፣ አልገባቸውም። ነቢዩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጋሽ አብዱረዛቅ፣ አንድ የሽምግልና ጉዳይ ገጥሞን ነው። ያለ እርስዎ አይሆንም ተባለ፤ አብረውን ይሂዱ» አለ። ልጁ ውሸት አያውቅም፣ አንገቱ ላይ ላብ ያበራል።

ይህችን የሽምግልና ሰበብ ነቢዩን ያስተማረው ራሱ አብዱረዛቅ ነው። የሀኒፋን ወንድም መርዶ ለመንገር ሲሄዱ ነበር ያስተማረው።

አብዱረዛቅ ነቢዩን ትክ ብሎ አየው። «እሺ ልጄ» አለ። «መንገዱ ሩቅ ነው? ጋቢ ልያዝ?»

«ይያዙ» አለ ነቢዩ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ አስቀመጥነው፣ እኔ አጠገቡ ሆንኩ። የት እንደምንሄድ አልጠየቀም። ከሰፈራችን ወጥተን መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ቦታ እስክንደርስ ድረስ ሁሉም ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወራል፣ እሱም እየመለሰ ያወራል። ወደ ቦርደዴ የሚወስደው አስፋልት በአንድ በኩል፣ የገለምሶው በሌላ በኩል ነው። እሱ ወሬውን ትቶ ዓይኑን የሾፌሩ እጅ ላይ ተከለ። እኔ ክንዱን ይዤዋለሁ፤ እንደ እንጨት ደርቋል።

ሾፌሩ ወደ ገለምሶ ዞረ።

«ሹክሪያዬ» አለ አብዱረዛቅ። ክንዱ በእጄ ውስጥ ውሃ ሆነ።

ሀኒፋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ማልቀስ ጀመረች። ነቢዩ ዞሮ አየን፤ ያን ጊዜ ነው የገባው። ከግሩፑ ያስወጣው እሱ ነው፣ በስልኩ አንድ ጊዜ ነክቶ ያረዳውም እሱ ነው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አሁን ንገሩኝ» አለ አብዱረዛቅ። «ሁላችሁም አላችሁ። ጋሽ መኮንን፣ በወጉ ይንገሩኝ።»

ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አውልቀው በወጉ ነገሩት። እሱም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ተቀበለ፤ ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ አለቀሰ። እኔ ያን ሰው በሀሊማ ሞት እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

በመንገድ ላይ የሁላችንም ስልክ መጮህ አላቆመም። ሰፈሩ ግሩፑ ላይ ነፍስ ይማር፣ አላህ የጀነት ያድርጋት እያለ ይጽፋል። ከነቢዩ ኪስ፣ ከሀኒፋ ቦርሳ፣ ከእኔ ጉያ ይጮሃል። የአብዱረዛቅ ስልክ ብቻ ድምፅ የለውም። ነቢዩ ደንግጦ የራሱን ሊያጠፋ ሲል አብዱረዛቅ ከጋቢው ውስጥ «ተወው» አለ። «የሷ ነው አይደል? ልስማው።» እስከ ገለምሶ ድረስ እየሰማ ሄደ።

ሐዘኑ ካለቀ በኋላ፣ ጎረቤቶቹ አብዱረዛቅ ቤት አብረነው ቁጭ ባልንበት፣ ነቢዩ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። አብዱረዛቅ አነሳው፣ እንደማይወቅሰውም ነገረው፤ ያንን መፍትሔ ሲሰማ በደስታ እጅ የጨበጠው ራሱ መሆኑን አስታወሰው። ነቢዩ ግን የልቡ አልደረሰለትምና ስልኩን አውጥቶ ወደ ግሩፑ ሊመልሰው ለመነው። ሰው ሁሉ ይጠይቃል፣ ስምዎ ከሌለ ባዶ ሆነብን አለው።

አብዱረዛቅ ስልኩን ገፋ አደረገው።

«አንድ ልጅ ነው የቀረኝ ነቢዩ» አለ። «ዛሬ አስገብተህ፣ አንድ ቀን ደግሞ ልታስወጣኝ ነው?»

ነቢዩ ስልኩን ኪሱ ከተተና ከእኛ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።